ከመመሪያው መውጣት የሚፈቀደው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ የአብራሪነት ሥልጠና ላይ ነኝ። አስተማሪዎቻችን ከተጻፈው የአሠራር ሥርዓት ዝንፍ እንዳንል አጥብቀው ያሳስቡናል፤ ዓለም የሚያደንቃቸው አብራሪዎች ግን በጭንቅ ሰዓት በራሳቸው ፍርድ የሰው ሕይወት ያተረፉት ናቸው። የራስን ፍርድ መጠቀም የሚገባው መቼ ነው?

መልስ፦ በሐሳብዎ ያሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የኤርባስ ኤ320 አውሮፕላናቸው ሞተሮች ከወፎች ጋር ተጋጭተው ኃይል ሲያጡ ሐድሰን ወንዝ ላይ ያረፉትና በውስጡ የነበሩት 155 ሰዎች ሁሉ በሕይወት የተረፉላቸው ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር ሳይሆኑ አይቀሩም። ያን በረራ በዝርዝር ያጠና ሰው ግን መመሪያን የናቀ አብራሪ አያገኝም። ረዳት አብራሪው ለሞተሮች መጥፋት የተዘጋጀውን ቼክሊስት (በቅደም ተከተል የሚሠሩ እርምጃዎችን ዝርዝር) ወዲያው መሥራት ጀምረዋል። ይሁንና ቼክሊስቱ የታሰበው በከፍተኛ ከፍታ ላይ ለሚደርስና ጊዜ ለሚሰጥ ብልሽት ሲሆን፣ እነርሱ የነበሩት 3 ሺህ ጫማ ገደማ ላይ ስለነበር እስኪያርፉ የቀራቸው 3 ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነበር። ካፒቴኑ በዝርዝሩ ወደ ኋላ የተቀመጠውን ረዳት የኃይል ማመንጫ አስቀድመው ማስነሣታቸው ትክክል የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የአውሮፕላኑ መቆጣጠሪያዎች ኤሌክትሪክ እንዳይቋረጥባቸው ረድቷል።

ስለዚህ ከመመሪያ ለመውጣት የሚያበቃው፣ መመሪያው ሲጻፍ የታሰበው ሁኔታ አሁን ካለው ጋር አለመገጣጠሙ ነው። ልምድ ብቻውን አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1987 ዲትሮይት ላይ የተከሰከሰው የኤምዲ-82 አውሮፕላን ካፒቴን የብዙ ዓመት ልምድ ነበራቸው፤ ከመነሣት በፊት የሚነበበው ቼክሊስት ባለመሠራቱ ግን ፍላፖቹ (ለመነሣት የሚዘረጉት የክንፍ ክፍሎች) ሳይዘረጉ ተነሡ፣ የማስጠንቀቂያ ድምፁም አልተሰማም፤ 156 ሰዎች ሞቱ። እዚያ ላይ ማንም መመሪያውን መርምሮ አልተወውም፤ ተዘነጋ እንጂ። በእኔ እምነት ከሐድሰኑ ይልቅ ይህኛው ነው ደጋግመው ሊያጠኑት የሚገባዎት።

ወደ ማረፊያ ሲቃረቡ ፍጥነቱ ወይም የቁልቁለት መጠኑ በተወሰነው ከፍታ ላይ ካልተስተካከለ ተነሥቶ እንደገና መሞከር ግዴታ የሚሆነውም፣ ውሳኔው ድካምና ጥድፊያ በሌለበት ቦታ አስቀድሞ ስለተወሰነ ነው። «አስተካክለዋለሁ» የሚለውን ፍርድ እዚህ ላይ አይጠቀሙበት።

ሕጉም ቢሆን ደኅንነት በግድ ሲጠይቅ አዛዡ አብራሪ ከደንብ እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ የአሜሪካው ደንብ ግን ፈቃዱን የሚሰጠው አደጋው በሚጠይቀው ልክ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት ከመጣብዎ የሚተዉትን እርምጃና ምክንያቱን ለባልደረባዎ ጮክ ብለው ይንገሩ፤ ስሕተት ካለበት ሊያስቆምዎት የሚችለው እርሱ ነውና።