አቤሜሌክና አሮጌው ጨርቅ

ልጆቼ፣

ሠላሳ አምስት ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አብዛኛው ዕድሜዬ ያለቀው አጥንቱ የተሰበረ ሰው በሚተኛበት ክፍል ነው። ስለ ድፍረት ምከሪን ስትሉኝ ዳዊትንና ጎልያድን የማነሣ መስሏችሁ ይሆናል። እነሱንማ ሰንበት ትምህርት ቤት ጠግባችኋቸዋል። እኔ ያሰብኩት ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 ላይ ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ፣ አቤሜሌክን ነው።

ብዙዎቻችን የምናውቀው በእንቅልፉ ነው። ተረፈ ባሮክ ላይ እንዳለው፣ በለስ ይዞ ከዛፍ ሥር ጋደም ቢል 66 ዓመት ተኛ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሳይተኛ የሠራው ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 588 ዓመት ገደማ በጀመረው ከበባ፣ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ታጥራለች። እንጀራ እያለቀ ነው። ኤርምያስ “እጅ የሰጠ ይድናል” ስላለ፣ አለቆቹ “የወታደሩን ልብ ያደክማል” ብለው ጭቃ ብቻ ወዳለበት ጉድጓድ አወረዱት። ንጉሥ ሴዴቅያስም በእጃችሁ ነው ብሎ ዝም አለ።

አቤሜሌክ በከተማዋ ባዕድ ነው። ንጉሡ የብንያም በር ላይ ተቀምጦ ሳለ ሄዶ እነዚህ ሰዎች ክፉ አድርገዋል አለው። በር ማለት እንግዲህ አደባባይ ነው፤ ሰው ይሰማል።

አይፈራም ነበር? ይፈራ ነበር። ምዕራፍ 39 ላይ እግዚአብሔር “በምትፈራቸው ሰዎች እጅ አትሰጥም” ይለዋል። ንጉሡም ፈሪ ነበር፤ ኤርምያስን በስውር አስጠርቶ ፍርሃቱን ሲነግረው ምዕራፍ 38 ላይ ታነባላችሁ። አንዱ ፍርሃቱን ይዞ ተደበቀ፣ ሌላው ፍርሃቱን ይዞ ወደ በሩ ሄደ።

እኔ ሴዴቅያስን ሆኜ አውቃለሁ። ጀማሪ ሳለሁ፣ አንድ ሌሊት፣ ክንዱ በጄሶ የታሰረ ልጅ “ሲስተር፣ ጣቴ ደነዘዘ” አለኝ። ነካሁት። ቀዝቅዟል፣ አብጧል። ጄሶው ጠብቋል፣ ቶሎ መከፈት አለበት። ተረኛውን ሐኪም ቀሰቀስኩት። “ይለመዳል፣ ማስታገሻ ስጪው” ብሎኝ ተመልሶ ተኛ። ከእሱ በላይ ያለው ሐኪም ጋ መደወል እችል ነበር። ተቆጪ ነው፣ ፈራሁ። ጄሶው ሲነጋ ተከፈተ። እጁ ተረፈ፣ ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው አልታዘዙለትም። ያን ሌሊት ስጸልይ ነው ያደርኩት። ስልኩ ግን ከፊቴ ነበር።

መጽሐፉ አቤሜሌክ ጸለየ አይልም። ይጸልይ ይሆናል። የተባለለት ግን “በእኔ ታምነሃልና” ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ ልምጣ። ንጉሡ 30 ሰው ሰጥቶ አውጣው አለው። ሌላው ቢሆን ገመድ ይዞ ይሮጥ ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ከግምጃ ቤቱ ሥር ወዳለው ስፍራ ገባ። አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ለቃቀመ። በገመድ አወረደለትና በብብትህ፣ ከገመዱ በታች አድርገው አለው።

እዚህ ጋ ስደርስ ነርስነቴ ይነሣብኛል። ወደ እጅ የሚሄዱት ነርቮች በብብት በኩል ነው የሚያልፉት። ክራንች ላይ የሚንጠለጠል ሰው እጁ የሚደነዝዘው ለዚህ ነው። ጭቃ ውስጥ የሰመጠን፣ የደከመን ሰው በባዶ ገመድ ብትጎትቱት ቆዳው ይላጣል። ጨርቅ ፈልግ ብሎ ያዘዘው ግን የለም። ሰባኪዎች ሁሉ በሩ ላይ መናገሩን ያደንቁለታል። እኔ ጨርቁን።

ከዚያ ልጅ በኋላ ደፋር ሆንኩ አልልም። እየፈራሁ እደውል ነበር፤ አንዳንዴም እሰደባለሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ደግሞ የታጠበ አሮጌ ፋሻ አይጠፋም፤ የክራንች አናት እጠቀልልበታለሁ። ክብደታችሁን በእጃችሁ ያዙ ብላቸውም፣ ሲደክማቸው ብብታቸው ላይ መውደቃቸው አይቀርም። ወጣቶቹ ነርሶች “የሲስተር ቡትቶ” እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን አንዷ ደውላ የት እንዳስቀመጥኩት ጠየቀችኝ።