ካርድ ከመቀየርህ በፊት ምስልህን አስተካክል

ወንድሜ፣ ያገለገለ ቪዲዮ ሲግናል ጀነሬተር (መሞከሪያ ምስል ወደ ስክሪን የሚልክ መሣሪያ) ገዛሁ፣ የራሴን መሞከሪያ ምስል ስጭንበት ቀጫጭኑ መስመር ይደበዝዛል፣ ጥቁሩም ግራጫ ይሆናል ብለሃል። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ኤልኢዲ ስክሪን ነው የምገጥመው። አንተም እንደዛው ነህ ብዬ ልቀጥል።

1. ጄፔግ እርሳው። ፋይሉን ለማሳነስ የቀለም ዝርዝር ይቀንሳል። የሠርግ ፎቶ ላይ አይታወቅም። ጥቁር ላይ የአንድ ፒክሰል ቀይ መስመር ስታሰምር ግን ዳርና ዳሩ ይጨማለቅብሃል። መሣሪያህ ከተቀበለ 24 ቢት ቢኤምፒ (ሳይጨመቅ የሚቀመጥ የምስል ፋይል) አድርገው። 1920 በ1080 ከሆነ ወደ 6 ሜጋባይት ይመጣል። ከዚያ በጣም ካነሰ ልኩ ተቀይሯል ማለት ነው።

2. ምስሉና ጀነሬተሩ የሚያወጣው ልክ በፒክሰል እኩል ይሁኑ። ከጀነሬተሩ በኋላም የሚለጥጥ ወይም የሚጨምቅ ነገር መኖር የለበትም፣ እኔን ያንገበገበኝም ይሄው ነው።

ጣና ዳር ያለ አንድ አዳራሽ፣ ጥር ላይ፣ ሠርግ በሠርግ በሆነበት ሰሞን፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ አንድ ቦታ ይወፍራል ሌላ ቦታ ይሳሳል። ባለቤቱ ወደ ሸጠለት ሱቅ ሲደውል፣ ምስሉን ተቀብሎ ለስክሪኑ ኤልኢዲዎች የሚያከፋፍለው «ሪሲቪንግ ካርዱ ተቃጥሏል» አሉት። ሳያዩት! ከፈለ፣ ተቀየረለት፣ ችግሩ እንዳለ ነው። አብሬው ሱቁ ሄድኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «አንተ ደግሞ ማነህ?» አለኝ።

ስክሪኑ ፒ3.91 ነው፣ ከፒክሰል እስከ ፒክሰል 3.91 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አንዱ ካቢኔት (ስክሪኑ የሚገጣጠምበት ሣጥን) 50 በ50 ሴንቲ ሆኖ 128 በ128 ፒክሰል አለው። ወደ ጎን 6፣ ወደ ላይ 4 ስለሆነ ሙሉው 768 በ512 ይሆናል። 1920 በ1080 የሆነ ጥቁር ምስል ከፈትኩ፣ ከላይ ከግራ ጥግ ጀምሬ 768 በ512 ፍሬም በአንድ ፒክሰል ነጭ መስመር አሰመርኩ፣ ውስጡን በየ128 ፒክሰሉ ከፋፍዬ እያንዳንዱ ሣጥን ላይ ቁጥር ጻፍኩ። ጀነሬተሩ ላይ ጭኜ በላፕቶፑ ፋንታ ሰካሁት። 24ቱም ሣጥኖች ተኮማትረው ላይኛው ግራ ጥግ ላይ ታጨቁ! ፕሮሰሰሩ (ምስሉን ተቀብሎ ወደ ስክሪኑ የሚያስተላልፈው መሣሪያ) ሙሉውን 1920 በ1080 ጨምቆ ነበር የሚያስገባው። ማሳነሻውን ዘጋሁት፣ ቁጥሮቹ እያንዳንዳቸው በየካቢኔታቸው ቁጭ አሉ፣ ፍሬሙም እንደ ምላጭ ጠራ። ባለቤቱ እየዞረ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ካርዱ ጤነኛ ነበር፣ ገንዘቡን ግን እስካሁን አልመለሱለትም። ሙያ ያለው ሰው ሳያይ አይፈርድም።

ስለዚህ የካቢኔትህን ፒክሰል ሳታውቅ ምስል አትሥራ። ቁጥር ስትጽፍም የፊደሉን ዳር ማለስለሻ አጥፋው፣ ያ ራሱ ብዥታ ይፈጥራል፣ ከዚያ ስክሪኑን ትጠረጥራለህ።

ጥቁሩ ግራጫ የሆነብህ ጀነሬተሩ የብርሃኑን መጠን በቁጥር ከ16 (ጥቁር) እስከ 235 (ነጭ) እያወጣ ፕሮሰሰሩ ከ0 እስከ 255 ስለሚጠብቅ ይመስለኛል። 16 ለአንዱ ጥቁር ነው፣ ለሌላው ግራጫ። ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጋቸው። ምስሉን ከፍተህ ኮንትራስት እንዳትጨምር፣ አንዱን ስክሪን ታስተካክልና ቀጣዩ ላይ ጨለማው ውስጥ ያለው ዝርዝር ሁሉ ይጠፋብሃል። ካቢኔትህ ስንት በስንት እንደሆነ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ምስሉን ሠርቼ እልክልሃለሁ።