ዳሩ እያረረ መሃሉ የማይበስል ብራውኒ

እህቴ፣ «የብራውኒዬ ዳር ዳሩ ያርራል፣ መሃሉ ግን ሊጥ እንደሆነ ይቀራል፤ ምን ላድርግ?» ላልሽው፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከሙቀቱና ከመጋገሪያ ዕቃው ነው። ብረቱ ቀድሞ ይግላል። እሱን የነካው ዳር ቶሎ ይደርቃል። ሙቀቱ መሃል እስኪደርስ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል።

መጀመሪያ ዕቃሽን እዪው። ጥቁር ከሆነ ሙቀት በጣም ይስባል፤ ነጣ ያለ አሉሚኒየም ይሻላል። መስታወት ለመጋል ይዘገያል፤ አንዴ ከጋለ ግን ከኦቨን ወጥቶም ዳሩን ማድረቁን አያቆምም። ያለሽ እሱ ብቻ ከሆነ ሙቀቱን ከ180 ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አውርጂና ጥቂት ደቂቃ ጨምሪለት። ኦቨንሽ ማራገቢያ ካለውም እንደዚሁ 20 ዲግሪ ቀንሺ።

እኔን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እርጥብ ጨርቅ ነው። ንጹሕ የጥጥ ፎጣ በረጅሙ ቆርጠሽ፣ ውሃ ውስጥ ነክረሽ፣ ጨምቀሽ፣ በፎይል ጠቅልለሽ በዕቃው ዙሪያ እሰሪው። ጨርቁ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ጎኑ ያን ያህል አይግልም፤ ዳሩና መሃሉ ተቀራርበው ይበስላሉ። ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ታዪዋለሽ።

ኦቨኑን አስቀድመሽ አሙቂ፤ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ጋግሪ። ስቴኪኒ ስትወጊበት ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አትጠብቂ! እርጥብ ፍርፋሪ ከያዘ በቃ፣ አውጪው። ቀጭን ሊጥ ከያዘ ብቻ መልሺው። ከወጣ በኋላም በራሱ ሙቀት ትንሽ ይበስላል፤ ስለዚህ ሳይቀዘቅዝ አትቁረጪው።