ጣና ዳር ለምትሰነብቱ፦ ስለ ጀልባ ለጠየቃችሁኝ

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመት ጀልባ ላይ ሠርቻለሁ። ሐይቅ ዳር ቤት ተከራይታችሁ ጥቂት ቀን ለመሰንበት ያሰባችሁ ብዙ ጠይቃችሁኛል። እንደ መጣልኝ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ለአራት ቀን ቤት ይዘናል። ለጀልባ የትኛውን ቀን እንመድብ?

በደረሳችሁ ማግስት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሡ። ወደ መጨረሻው ቀን ከገፋችሁት ነፋስ ቢበረታ ወይም ቤንዚን ቢጠፋ ምትክ ቀን የላችሁም። ከቀኑም ግን ሰዓቱ ይበልጣል። ጣና ጠዋት ረግቶ ይቆይና ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይመጣል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለውን ውኃ ነፋስ ሲያገኘው ማዕበሉ አጭር፣ ተከታታይና የሚያንገጫግጭ ይሆናል። ስትሄዱ ያላያችሁት ሞገድ ስትመለሱ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ የመመለሻውን ሰዓት ቁረጡ፤ 6 ሰዓት ላይ በረንዳችሁ ላይ ምሳ ቀርቦላችሁ መሆን አለበት። ዋዜማውን ደግሞ የአካባቢውን ሁኔታ ከሰፈሩ ሰው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የቤቱ ባለቤት «ጀልባ አለኝ፣ ከኪራዩ ጋር ነው» ብሎናል። እንመነው?

ገንዘብ ሳትልኩ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ነጂ አለው ወይ? ላይፍ ጃኬቱ ስንት ነው፣ የልጅስ አለው? ቤንዚኑ በማን ነው? «እናንተው ትነዱታላችሁ» ካላችሁ አመስግናችሁ ተዉት። ድንጋዩ የት እንዳለ፣ ውኃው የት እንደሚሳሳ ውኃው ላይ ያደገ ሰው እንጂ እንግዳ አያውቀውም። ስትደርሱ ደግሞ ወለሉን እዩ። ሌሊቱን ያደረ ጀልባ ውስጥ ውኃ ቁርጭምጭሚት ከደረሰና ዝናብ ካልዘነበ፣ ያ ጀልባ ያፈሳል።

ጥያቄ፦ የአምስትና የስምንት ዓመት ልጆች አሉን። ያሰጋል?

የሚያሰጋው ልክ ያልሆነ ጃኬት ነው። አንድ ጊዜ ዘጌ (ወደ ሐይቁ የገባው፣ ገዳማት ያሉበት ልሳነ ምድር) ዳር፣ ስንወርድ፣ አንድ ብላቴና ከጀልባው ጠርዝ አዳልጦት ገባ። ጃኬት ለብሷል፤ ግን የአዋቂ ነው። ጃኬቱ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፣ ልጁ ከውስጡ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ ከውኃው በላይ የቀሩት ሁለት እጆቹ ብቻ ነበሩ። አንዱን እጁን ይዤ ሳብኩት። እናቱ ጩኸቷ እስኪወጣ እንኳ ጊዜ አላገኘችም። ጃኬቱን ያቀረበው ባለ ጀልባ «ሁሉም ለብሰዋል» ብሎን ነበር፤ ሳልፈትሸው ማለፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናንተ እንዲህ ፈትሹ፦ ልጁን አልብሳችሁ ማሰሪያውን ሁሉ አጥብቁ። ከዚያ ጃኬቱን ከሁለቱ ትከሻ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩን አልፎ ጆሮው ጋ ከወጣ፣ ያ ጃኬት የእሱ አይደለም። ልካቸው የሆነ ጃኬት ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ብትመጡ ደግሞ እኔም እፎይ እላለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴና እኅቶቼ አብረውኝ ናቸው። ሴቶች የሚገቡበት ገዳም የትኛው ነው?

ይህን ሳያጣሩ መጥተው ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ብዙ እናቶች አይቻለሁ፤ አንጀቴን ይበላኛል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችም ይገባሉ። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ የኡራን የግድግዳ ሥዕል እናትህ ሳያዩ እንዳይመለሱ። ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በቡና ጫካ ውስጥ ድንጋያማ አቀበት አለ፤ ምርኩዝ ይያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ነጠላና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አትርሱ። መግቢያው በየገዳሙ ለየብቻ ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ያዙ።

ጥያቄ፦ ናርጋ ሥላሴን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ይበላል። ናርጋ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት፣ ደቅ ደሴት ላይ ነው፤ በተለመደው ሞተር ጀልባ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። መመለሻው ከነፋሱ ጋር ይገጥማል ማለት ነው። ልጅና አዛውንት ካለ ዘጌ ይበቃችኋል።

ጥያቄ፦ ታንኳ ላይ መውጣት እፈልጋለሁ።

ውጣ፣ ደስ ይላል፤ ግን ከዳር አትራቅ። ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ባለቤቱ ከውኃ አውጥቶ የሚያደርቀው ለዚህ ነው። መሃል ላይ ተቀመጥ፣ ልብስህ እንደሚርስ ዕወቅ፣ ስልክህን ዳር ላይ ለሰው ስጥ።

ጥያቄ፦ ጉማሬ ማየት እንፈልጋለን፤ ምን ያህል እንጠጋ?

ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ ጠዋት ይታያል። ነጂውን «ጠጋ በልልን» አትበሉት። ጉማሬ የሚቆጣው ወደ ጥልቁ ውኃ የሚሸሽበት መንገድ ሲዘጋበት ነው፤ ግልገል ካለው ደግሞ የባሰ። ማታ ለሣር ወደ የብስ ስለሚወጣም ከመሸ በኋላ ዳር ዳሩን ሽርሽር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ መዋኘትስ?

አልመክርም፤ ቢልሃርዚያ (ከውኃው በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ) አለ። ገብታችሁ ከሆነ ስትመለሱ ጤና ጣቢያ ተመርመሩ፤ መድኃኒት አለው።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር እንምጣ?

ጥቅምትና ኅዳር ይጣፍጣል። ውኃው ከክረምቱ ሞልቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ጢስ ዓባይም ገና ጉልበት እያለው ታገኙታላችሁ። ግንቦት ላይ ሐይቁ ስለሚጎድል አንዳንድ ወደብ ላይ ጀልባው ዳር አይደርስም፤ በጭቃ ትወርዳላችሁ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የታወቀው እምቦጭ የሚባለው ተንሳፋፊ አረምም አለ። ብዙውን ጊዜ የሚበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ የሞተሩን መዘውር ስለሚጠመጥም ነጂው «ዞሬ ልሂድ» ቢላችሁ አትከራከሩት።

ጥያቄ፦ ዋጋ እንዴት እንነጋገር?

ለጀልባው በሙሉ ነው ወይስ በሰው? እስክትመለሱ የሚጠብቅበትስ ተቆጥሯል? ሳትሳፈሩ ጨርሱ።

ጥያቄ፦ እናቴ ውኃ ይፈራሉ፤ ቢሆንም ኪዳነ ምሕረትን መሳለም ይፈልጋሉ። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ አምጫቸው። ፊት ለፊት አታስቀምጫቸው፤ ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ወንበር ከሁሉም የተረጋጋ ነው። ጃኬቱን ከነጠላቸው ሥር አልብሻቸው፣ ነጂውን «እናት ይዣለሁ፣ ቀስ በልልኝ» በይው። የእኛ ልጆች ይህን ሲሰሙ ሞተሩን ዝቅ ያደርጋሉ።