በጅማ የወይን ተክል ላይ ስለሚወጣው ቀይ ሸረሪት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጅሬን ያለው የግቢያችን ወይን ቅጠሉ ከታኅሣሥ ጀምሮ በነጫጭ ነጠብጣብ ተሞልቶ ወደ መዳብ ቀለም እየተለወጠ ነው። በሽታ ነው ወይስ ተባይ?

መልስ፦ በበጋ መታየቱ ቀይ ሸረሪት የሚባለውን ደቃቅ ተባይ ያስጠረጥራል፤ ሆኖም ሳያዩ መድኃኒት አይግዙ። ቅጠሉን ገልብጠው ጀርባውን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆኑ፣ በጎንና ጎናቸው ጠቆር ያለ ነጥብ ያለባቸው፣ በስስ ድር መካከል ቀስ ብለው የሚሄዱ ከሆነ እነርሱ ናቸው። ስምንት እግር ስላላቸው ከነፍሳት አይመደቡም፤ ብዙ ፀረ ነፍሳት መድኃኒቶች የማይገድሏቸውም ስለዚህ ነው። ቅጠሉ ከላይ አብጦ ከሥሩ ነጭ ጸጉር መሰል ነገር ካበቀለ ግን የሌላ ዘመዳቸው ሥራ ነው፤ እርሱ መልኩን ቢያበላሽም ምርትን እምብዛም አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ለጎመን የተገዛ መድኃኒት ወይኑ ላይ ረጭተን ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ተባዩ ባሰበት። ለምን?

መልስ፦ ይህ በጣም የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው። ቅጠሉ ላይ ቀይ ሸረሪትን እየበሉ የሚኖሩ አዳኞች አሉ፤ ከእነርሱም ዋነኞቹ ፈጠን ብለው የሚሮጡ፣ የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያላቸው የዚያው ወገን ፍጥረታት ናቸው። ሁሉን የሚገድል መድኃኒት ሲረጭ አዳኞቹ ያልቃሉ፤ ተባዩ ግን 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ሙሉ አካል ለመድረስ ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ስለሚበቃው፣ አንዲት እንስትም 100 ያህል እንቁላል ልትጥል ስለምትችል፣ ጠላቶቹ ሳያገግሙ ማሳውን ይሞላዋል። ትውልዱ በፍጥነት ስለሚተካካም መድኃኒቱን ቶሎ ይለምደዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በምን እንተካው?

መልስ፦ በመጀመሪያ በውሃና በአቧራ ላይ ይሥሩ። የተጠማ ወይን በቀላሉ ይጠቃል፤ አቧራ የለበሰ ቅጠል ደግሞ ለአዳኞቹ አይመችም። ስለዚህ ሥሩን በደንብ ያጠጡ፤ በመንገድ ዳር ያለውን ረድፍ በማለዳ ውሃ እየረጩ የቅጠሉን ጀርባ ይጠቡ፤ መሬቱንም በሣር ጉዝጓዝ ይሸፍኑ። በክረምት ዝናቡ ራሱ ስለሚያጥበው ጭንቀቱ የበጋ ነው። ተባዩ ከበዛ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው በጥቂት ቅጠሎች ላይ ይሞክሩ፤ ካላቃጠለ ፀሐይ ሳይበረታ ይርጩት። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ የቅጠሉ ጀርባ መራስ አለበት፤ ከእንቁላል ለሚፈለፈሉትም ከሳምንት በኋላ ይደገማል። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ አመድ ብንነሰንስስ?

መልስ፦ አልመክርም፤ አመድም እንደ አቧራው ቅጠሉን ይሸፍነዋል።

ጥያቄ፦ ድኝስ?

መልስ፦ ቅጠል ለሚያሳብጠው ዓይነት እምቡጡ ሲፈነዳ ቢረጭ ጥሩ ነው፤ ለቀይ ሸረሪት ግን ደካማ ነው። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ቅጠል ያቃጥላል፤ ለተባይ መከላከያ የሚሆን ዘይት ከተረጨ በኋላም ቢያንስ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ አዳኞቹን ከውጭ አምጥቶ መልቀቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ በሀገራችን የጽጌረዳ እርሻዎች የሚሠራበት መንገድ ነው። ከሚለቀቁት ውስጥ በሰፊው የታወቀው ብርቱካንማ አዳኝ ቀይ ሸረሪትን ብቻ ስለሚበላ ለወይኑ አያሰጋም፤ አየሩ በጣም ሲደርቅ ግን እንቁላሉ አይፈለፈልም። መለቀቅ ያለበትም ተባዩ ገና ጥቂት ሳለ ነው፤ ማሳው በቅርቡ መድኃኒት ተረጭቶበት ከሆነ ግን ኃይሉ እስኪያልቅ ይታገሡ።