የመጻሕፍት መደብር ሠራተኛ ነኝ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ በራሴ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የጻፍኩትን የፖለቲካ አስተያየት አሠሪዎቼ «አጥፋ» ቢሉኝስ?

ወዲያው አታጥፋው፣ ክርክርም አትግጠም። መጀመሪያ የጻፍከውን ስክሪንሾት አድርገህ አስቀምጥ። ከዚያ የመጻሕፍት መደብሩ ኃላፊ «አጥፋ» ያለህን ትእዛዝ በጽሑፍ እንዲሰጥህና የትኛውን ደንብ እንደጣስክ እንዲነግርህ በትሕትና ጠይቅ። የሥራ ውልህንም አውጥተህ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚለውን አንብብ።

«በራሴ ገጽ፣ በራሴ ሰዓት የፖለቲካ አስተያየት መጻፍ መብቴ አይደለም ወይ?» ላልከው፣ መብትህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 19 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ያውጃል። ግን እንዲህ ያሉ ድንጋጌዎች በዋናነት የሚመለከቱት መንግሥትን ነው። የግል አሠሪህን የሚይዘው የአገርህ የሠራተኛ ሕግ ነው። በፖለቲካ አመለካከት ሠራተኛ ማባረርን የሚከለክሉ አገሮች አሉ፣ የማይከለክሉም አሉ። ስለዚህ መልስ ከመስጠትህ በፊት የሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ሰው አማክር። የመደብሩ ስም ገጽህ ላይ ካለ ግን ዛሬውኑ አንሳው፤ ደንበኛ የአንተን ሐሳብ የመደብሩ አድርጎ ይወስደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። አብሮኝ መጽሐፍ ይሸጥ የነበረ ልጅ የማይደግፋቸውን ፖለቲከኞች መጻሕፍት ከሌሎች ጀርባ ይደብቅ ነበር። በኋላ በጻፈው ነገር ሲከሰስ፣ ያ ድርጊቱ ተነሳበትና የሚከራከርለት አጣ። አስተያየትህን ጻፍ፤ መደርደሪያውን ግን አትንካ።