ጃፓንን በጸደይ፣ በባቡር፣ ለብቻ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በአበባው ወራት ጃፓንን በባቡር ብቻዬን ደጋግሜ ዞሬያለሁ። ለመሄድ የምታስቡ ጠይቁኝ ብዬ የመጣው ጥያቄ ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ መልሻለሁ። ወሮቹ የፈረንጅ ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የተናገርኩበት ቦታ ዓ.ም. ብዬበታለሁ።

ጥያቄ፦ የሳኩራን (የቼሪ ዛፍ) አበባ ለማየት መቼ ልሂድ? ሰው ሁሉ የተለያየ ቀን ነው የሚነግረኝ።

መልስ፦ ሁሉም ልክ ናቸው። አበባው ከሞቃቱ ደቡብ ተነስቶ ወደ ቀዝቃዛው ሰሜን እየወጣ ነው የሚፈነዳው። ቶኪዮና ኪዮቶ አብዛኛውን ጊዜ በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ይደምቃሉ። ካናዛዋ ጥቂት ቀን ዘግይታ ትከተላለች። በሰሜን አኦሞሪ ያለችው ሂሮሳኪ ኤፕሪል ወደ ማለቁ ሲል ነው፤ ሆካይዶ ደግሞ ሜይ ይገባል። አንድ ዛፍ ሙሉ በሙሉ ካበበ በኋላ የሚቆየው አንድ ሳምንት ያህል ነው፤ ዝናብና ንፋስ ከመጣበት ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ከስድስት ወር በፊት የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ "በዚህ ቀን ኪዮቶ ላይ አበባ አያለሁ" ማለት ቁማር ነው።

ባቡር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ኪዮቶ ካለፈህ ወደ ሰሜን ትሳፈራለህ። እኔ የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ሁልጊዜ ያለ ቅጣት በሚሰረዝ ሆቴል ነው የምይዛቸው፤ የአበባውን ዜና እያየሁ አቅጣጫ እቀይራለሁ። ከቶኪዮ ሺን አኦሞሪ ድረስ በፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ሂሮሳኪ በተራ ባቡር ከአንድ ሰዓት በታች። የሂሮሳኪ ቤተ መንግሥት መናፈሻ 2,600 ያህል የቼሪ ዛፎች አሉት። ለእኔ ከቶኪዮ ዝነኛ ቦታዎች ሁሉ ይበልጥብኛል።

ግን ተጠንቀቁ፦ ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 5 የጃፓኖች ተከታታይ በዓል ነው። አገሩ ሁሉ ይንቀሳቀሳል፣ ሆቴል ይወደዳል፣ ባቡር ይሞላል። ከዚያ በፊት ሰሜኑን ጨርሱ።

ጥያቄ፦ አገሩን ሁሉ የሚያዞረውን የሰባት ቀን የባቡር ፓስ ልግዛ? ዘመዶቼ የግድ ነው ይሉኛል።

መልስ፦ ዘመዶችሽ የሄዱት ከኦክቶበር 2023 በፊት መሆን አለበት። ያኔ 29,650 የን ነበር፤ በዚያ ወር ወደ 50,000 ዘለለ። እስኪ እናስላው፦ ከቶኪዮ ኪዮቶ 14,000 ገደማ፣ ከኪዮቶ ሂሮሺማ ከ12,000 በታች፣ ከሂሮሺማ ተመልሶ ቶኪዮ 20,000 ገደማ። ይህ ሁሉ ተደምሮ እንኳ ፓሱን አይሞላውም። ለዚያውም በፓሱ "ኖዞሚ" በተባለው ፈጣኑ ባቡር ለመሄድ ተጨማሪ ይከፈላል። ስለዚህ ለአብዛኞቻችሁ መልሴ አትግዙ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ለሚሮጥ ሰው ብቻ ያዋጣል፤ መሮጡን ደግሞ አልመክርም።

በአንድ ክልል ብቻ የሚሠሩ ርካሽ ፓሶች አሉ፤ ሰሜን ብቻ ወይም ኪዮቶና አካባቢው ብቻ ለሚዞር ጥሩ ናቸው። በከተማ ውስጥ "ሱይካ" የሚባለውን ካርድ ገንዘብ ሞልተሽ በር ላይ ነካ ማድረግ ነው፤ ሱቅም ይሠራል።

ጥያቄ፦ 14 ቀን አለኝ። ቶኪዮ፣ ኒኮ፣ ኪዮቶ፣ ናራ፣ ኦሳካ፣ ሂሮሺማ፣ ፉኩኦካ፣ ሳፖሮ አቅጃለሁ። ይበቃኛል?

መልስ፦ ባቡሩ ያደርስሃል፤ አንተ ግን የምታየው ጣቢያ ብቻ ነው። ፉኩኦካንና ሳፖሮን ሰርዝ። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር፦ ቶኪዮ አራት ሌሊት፤ ከዚያ በሆኩሪኩ መስመር ወደ ቶያማና ካናዛዋ ሦስት ሌሊት፤ መስመሩ ከማርች 2024 ጀምሮ እስከ ጹሩጋ ስለተራዘመ እዚያ ባቡር ቀይሮ ኪዮቶ መግባት ነው፤ ኪዮቶ አምስት ሌሊት፣ ናራን ከዚያው ደርሶ መልስ። የቀሩት ሌሊቶች አበባው ያለበት ቦታ።

ሰው ሁሉ ከቶኪዮ በቀጥታ ኪዮቶ ስለሚሄድ ቶያማን ይዘላታል። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ከቶያማ በተራራ ባቡር፣ ከዚያ በኬብል በሚጎተት ባቡርና በአውቶቡስ ወደ ታቴያማ ተራራ የሚያወጣው መንገድ ይከፈታል። በረዶውን ቆርጠው ነው መንገዱን የሚያወጡት፤ በግራና በቀኝ የቆመው የበረዶ ግድግዳ አንዳንድ ዓመት 20 ሜትር ይጠጋል። ታች ከተማው ላይ አበባ፣ ላይ በረዶ፣ በአንድ ቀን። በረዶ አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን ትቶ ሳፖሮ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ የፉጂን ተራራ ከባቡር ለማየት በየት በኩል ልቀመጥ?

መልስ፦ ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ ስትሄድ በቀኝ፣ ሁለት ሁለት መቀመጫ ባለበት በኩል። ተራው ክፍል ውስጥ "ኢ" የሚለው መቀመጫ መስኮቱ ጋ ነው። ከቶኪዮ ከተነሳህ 40 ደቂቃ ገደማ በኋላ ስልክህን አስቀምጥ። ጠዋት ይሻላል፤ በጸደይ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ይበዛል።

ጥያቄ፦ የምሄደው ሁዳዴ ላይ ነው። ቅጠልና ሩዝ እየበላሁ ልመለስ ነው?

መልስ፦ ይህን የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ፤ እውነትም በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል የአበባው ወቅት በሙሉ ማለት ይቻላል ጾም ውስጥ ነው።

ችግሩ ሥጋው አይደለም፤ እሱ ይታያል። ችግሩ "ዳሺ" የሚሉት መረቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይሠራል፣ የሚገባውም ሁሉም ነገር ውስጥ ነው፦ ሾርባው፣ ኑድሉ፣ የተቀቀለው አትክልት፣ የቶፉው (የአኩሪ አተር አይብ መሰሉ) ማጥቀሻ ሳይቀር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባቶቻችሁ እተዋለሁ፤ የማይበላ ሰው ግን "አትክልት ብቻ ነው" ሲሉት አምኖ አይቀመጥ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ መረቅ አልበላም የሚል ጽሑፍ በጃፓንኛ አስተርጉማችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። በትሕትና አንብበው ወይ ያበስሉላችኋል ወይ አንችልም ይሏችኋል።

ደስ የሚለው ግን ጃፓን የራሷ የጾም ወጥ ቤት አላት። የቡዲስት መነኮሳት "ሾጂን ሪዮሪ" የሚሉት ምግብ ሥጋም ዓሣም አይገባበትም፤ ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርት እንኳ የለበትም፤ መረቁ ከባሕር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ነው። ይህን ለመብላት ኮያ ተራራ ውጡ። ከኦሳካ ናምባ ጣቢያ በናንካይ ባቡር፣ ከዚያ ቀጥ ባለው ገደል በኬብል ባቡር ነው። ላይ ከ50 በላይ ገዳማት እንግዳ ያሳድራሉ። እራት በጊዜ ይቀርባል፦ ከሰሊጥ የተሠራ ቶፉ፣ የደረቀ ቶፉ፣ የተጠበሰ የጸደይ ቅጠላ ቅጠል፣ የቀርከሃ ቡቃያ፣ ሁሉም በትንንሽ ሳህን። በማለዳ ጸሎታቸውን ተቀምጦ ማየት ይቻላል፤ ግዴታ የለም። ሻይና ሩዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ ከጾም ውጭም እዚያ እሄዳለሁ።

በመንገድ ላይ ደግሞ ባለ ሦስት ቀለሙን "ዳንጎ" ፈልጉ፤ ከሩዝ ዱቄት የሚሠራ፣ በእንጨት የተሰካ የአበባ ወራት ጣፋጭ ነው።

ጥያቄ፦ ከሪያድ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ። ራመን የሚሉትን በመረቅ የሚቀርብ ኑድል መብላት እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ማንኛውንም ቤት ገብተሽ አይደለም። "ቶንኮትሱ" የሚባለው መረቁ የአሳማ አጥንት ነው፤ ሌሎቹም ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ አይጠፋቸውም፤ ማጣፈጫው "ሚሪን" ደግሞ አልኮል አለበት። ቶኪዮ ውስጥ አሳኩሳ አካባቢ የሐላል ራመን ቤቶች ታገኛለሽ፤ ሺን ኦኩቦ ላይ የሐላል ሱቆች ተደርድረዋል። ዮዮጊ ኡኤሃራ ጣቢያ አጠገብ ያለውን ትልቁን የቶኪዮ መስጊድም እዪው፤ ውስጡ በጣም ያምራል፣ የሐላል ሱቅም አለው። ከትልልቆቹ ከተሞች ስትወጪ ግን ስንቅ ያዢ።

ጥያቄ፦ ጥሬ ዓሣ ይቀፈኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ቁርጥ ትበላለህ? እንግዲያው አንድ ጊዜ ሞክረው። ካልሆነ ሂሮሺማ ላይ በጋለ ብረት ፊት ለፊትህ የሚጋገረው ኦኮኖሚያኪ የሚሉት ቂጣ አለ። አትራብም።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ። ማታ መውጣትና ብቻዬን ምግብ ቤት መግባት ያስፈራል?

መልስ፦ ብቻውን መብላት እንደ ጃፓን የተለመደበት አገር አላየሁም። ራመን ቤት በር ላይ ካለው ማሽን ቲኬት ትቆርጫለሽ፣ ባንኮኒ ላይ ትቀመጫለሽ፣ በልተሽ ትወጫለሽ፤ "ስንት ናችሁ?" ብሎ በኀዘኔታ የሚያይሽ የለም። ማታ መሄዱም በአብዛኛው ሰላም ነው። በመጨናነቂያ ሰዓት በከተማ ባቡር ውስጥ የሚያስቸግሩ ወንዶች ግን አሉ፤ ለዚህ ነው ለሴቶች ብቻ የተለየ ፉርጎ ያለው። መሳፈሪያው ወለል ላይ በሮዝ ቀለም ተጽፏል፣ እሱን ተጠቀሚ። መጠጥ ቤት ስትቀመጪ ያላዘዝሽው ትንሽ ሳህን ቢመጣ አትደንግጪ፤ የመቀመጫ ክፍያ ነው፣ ሂሳብ ላይ ይደመራል። ጉርሻ ግን አይሰጥም፤ ጠረጴዛ ላይ ትተሽ ብትወጪ ሮጠው ይመልሱልሻል።

ጥያቄ፦ ባቡር ውስጥ መብላት ነውር ነው ወይስ አይደለም?

መልስ፦ በከተማ ባቡር አይበላም፤ በረጅም መንገድ ባቡር ግን አለመብላት ነው የሚቆጨው። "ኤኪቤን" ማለት በየጣቢያው የሚሸጥ የአገሩ ምሳ ነው። ሰንዳይ ላይ የበሬ ምላስ ይሸጣል፤ ከሣጥኑ የወጣውን ክር ስትስበው ከሥር ይሞቃል። ቶያማ በቀርከሃ ቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ በክብ የእንጨት ሣጥን አላት። የዮኮካዋ ጣቢያው በሸክላ ድስት ነው የሚመጣው፣ ድስቱን ይዞ መሄድ ይቻላል። ቶኪዮ ጣቢያ ውስጥ የብዙ አውራጃዎችን የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ ረፋዱ ላይ ምርጦቹ ያልቃሉ። ከቶኪዮ በኪዮቶ በኩል ኦሳካ በሚሄደው የቶካይዶ ፈጣን ባቡር መስመር በጋሪ እየዞሩ መሸጡ በ2023 ስለቀረ ሳትገዛ አትሳፈር።

ጥያቄ፦ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ አለኝ።

መልስ፦ አንዱን ተወው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ በቶካይዶ መስመር ቦታ አስቀድሞ ይያዝለታል፤ ያለዚያ 1,000 የን ያስከፍላል። ከሆቴል ሆቴል የሚያደርሱ ድርጅቶች አሉ፤ ዛሬ ከሰጠህ ብዙ ጊዜ ነገ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ጉልበቴ ደከም ብሏል። አበበ ቢቂላ የሮጠበትን ማየት እመኛለሁ። ይሆንልኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ ይሆንልዎታል። ትልልቅ ጣቢያዎች ሊፍት አላቸው፤ ኮያን ይተዉት እንጂ ሌላው ሜዳ ነው። ፈጣኑ ባቡር ሥራ የጀመረው ኦክቶበር 1 ቀን 1964 ነው፣ ለኦሎምፒኩ እንዲደርስ ተብሎ። አበበ በዚያው ወር በ21 በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ጥቂት ሳምንቱ ነበር። ሯጮቹ ዞረው የተመለሱበት ቦታ ቶኪዮ ምዕራብ፣ ቾፉ ውስጥ ነው። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ቶቢታኪዩ ጣቢያ ይውረዱ፤ በትልቁ መንገድ ዳር ማራቶኑ የዞረበትን የሚያመለክት ምልክት ቆሟል። ስታዲየሙ ፈርሶ በዚያው ቦታ አዲስ ተሠርቷል።

ጥያቄ፦ ቪዛስ?

መልስ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ያለው የጃፓን ኤምባሲ ይጠየቃል፣ ውጭ የምትኖሩም በምትኖሩበት አገር ያለው። የየቀኑን የጉዞ ዕቅድ ይፈልጋሉ፣ በደንብ ጻፉት። የአሜሪካ፣ የእስራኤልና የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አትጠየቁም። ከአዲስ አበባ በሴኡል በኩል ናሪታ የሚያርፍ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ አለ።

ጥያቄ፦ ቡና አለ?

መልስ፦ አለ፣ የእኛው። በድሮዎቹ ቡና ቤቶች ዝርዝሩ ላይ "ሞካ" የሚለውን ካያችሁ ብዙ ጊዜ የሐረር፣ የሲዳማ ወይም የይርጋጨፌ ነው። ባለቤቱ ራሱ ቀስ እያለ ያንጠባጥበዋል፤ ለአንድ ስኒ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ አትቆጡ።

ጥያቄ፦ ዝናብ ቢያዘንብብኝ ቀኔ ተበላሸ ማለት ነው?

መልስ፦ በየሱቁ ብርሃን የሚያሳልፍ ርካሽ ጃንጥላ አለ። ከከፋ የባቡር ሙዚየም ግባ፦ ቶኪዮ አጠገብ ኦሚያ ላይ አንድ አለ፣ ኪዮቶም አንድ። የኪዮቶው በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ላይ ያሳፍራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ረቡዕ ይዘጋል፣ የኦሚያው ደግሞ ማክሰኞ።